ዓባይን በጭልፋ፦ ብክነትን መቀነስ የመንግሥትን ወጪ ይቀንሳልን?

በተማሪዎች መካከል የበጀት ነገር በተነሣ ቁጥር ሁላችንንም በአንድ አፍ የሚያናግር መልስ አለ። «ገንዘቡማ ሞልቶአል፤ የሚጠፋው በብክነት ነው» እንላለን። የሕክምናው ተማሪ ይህን ይላል፤ የሕጉም ተማሪ ይህንኑ ይደግማል፤ ከግቢ ወጥተን በታክሲም ሆነ በቡና ቤት የምንሰማው ከዚህ የተለየ አይደለም። እሑድ በገበያ በር ላይ የቆመው የመንግሥት መኪና፣ በትልቅ ሆቴል አዳራሽ የሚደረገው ስብሰባ፣ ተገዝቶ ሳጥኑ ሳይከፈት አቧራ የለበሰው ኮምፒዩተር በምስክርነት ይጠራሉ። መልሱ ለጆሮ ይጥማል፤ ምክንያቱም ማንንም አያስቀይምም። ጡረተኛው ጡረታውን፣ ገበሬው የማዳበሪያ ድጎማውን፣ ተማሪው ምሳውን ሳያጣ መንግሥት ወጪውን ሊቀንስ ይችላል የሚል ተስፋ ይሰጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ተስፋ መመርመር ነው። ብክነት የለም ለማለት አልተነሣሁም፤ እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድ ብቻ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ብክነትን ብንቀንስ የመንግሥት ጠቅላላ ወጪ በሚታይ መጠን ዝቅ ይላልን? በበኩሌ መልሱ «አይልም» ነው። ብክነትን መዋጋት የሚለውጠው በአብዛኛው የወጪውን መጠን ሳይሆን ከወጪው የሚገኘውን ፍሬ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሕዝብ፣ በብክነት ስም ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ሲቆረጥበት እያጨበጨበ ሊመለከት ይችላል። ይህም በታሪክ ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሶአል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዘመኖች፣ ስለ አገራችን በምናገርበት ጊዜ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ብክነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ብክነት» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ውስጥ ይከታል።

አንደኛው ስርቆትና ያለ አግባብ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ለሞተ ሰው የሚወጣ ደመወዝ፣ ላልተሠራ ድልድይ የተከፈለ ሒሳብ ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው ተገቢ የሆነውን ሥራ ከሚገባው በላይ በሆነ ዋጋ መሥራት ነው፤ በአንድ ጸሐፊ የሚያልቀውን ጉዳይ አምስት ሰው ሲፈራረምበት፣ በሁለት ብር የሚገኘው ዕቃ በአራት ብር ሲገዛ ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተናጋሪው የማይወደው ሥራ ነው። አንዱ ለጦር ሠራዊት የሚወጣውን ብክነት ይለዋል፤ ሌላው ለቴአትር ቤት የሚወጣውን፤ እኛን የአርትስ ተማሪዎችን ማስተማር ራሱ ብክነት ነው የሚሉም አይጠፉም።

ሦስተኛው በእውነቱ ብክነት አይደለም። መንግሥት ምን ይሥራ፣ ምን ይተው በሚለው ላይ የሐሳብ ልዩነት ነው። የሐሳብ ልዩነት ደግሞ በግልጽ ተከራክረው የሚወስኑት ጉዳይ እንጂ በቁጠባ መመሪያ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ስለ ብክነት ብዙ የሚያሳስቱን ንግግሮች በመጀመሪያው ይጀምሩና በሦስተኛው ያልቃሉ፤ ሌባውን አሳይተውን ሐኪሙን ያባርራሉ።

፪. የጌዴስ መጥረቢያ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ታክሱ ከብዶ፣ ዕዳው ተከምሮ፣ ሥራ አጡ በዝቶ ነበር። የጋዜጣ ባለቤት የነበሩት ሎርድ ሮዘርሚር በ1921 «ፀረ ብክነት ሊግ» የሚባል የፖለቲካ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም በማሟያ ምርጫዎች የፓርላማ መቀመጫ ማግኘት ጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ ነገሩ አሳሰባቸውና በዚያው ዓመት በባቡር ኩባንያ አስተዳደር ስማቸው የታወቀውን ሰር ኤሪክ ጌዴስን የነጋዴዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ሾሙ። የኮሚቴው ሥራ የመንግሥትን ወጪ መርምሮ የሚቀነሰውን ማመልከት ነበር።

ኮሚቴው በ1922 መጀመሪያ ላይ ወደ 87 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ቅነሳ አቀረበ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቅ። ከግማሹ የሚበልጠው ከምድር ጦር፣ ከባሕር ኃይልና ከአየር ኃይል የሚቀነስ ነበር፤ 18 ሚሊዮን ያህሉ ከትምህርት ነበር። የቀረውም ከጤና ጥበቃና ከሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚወጣ ነበር። ሕዝቡ የተቆጣባቸው የጸሐፊዎች ብዛትና የቢሮ ድግስ በሒሳቡ ውስጥ እምብዛም ቦታ አልነበራቸውም።

መንግሥት የኮሚቴውን ሐሳብ በሙሉ ባይቀበልም ወጪው በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን የቀነሰው ስለ ምንድን ነው? በየካቲት 1922 ታላላቆቹ መንግሥታት በዋሺንግተን የጦር መርከብን ቁጥር የሚወስን ውል ፈረሙ፤ ጦርነቱም አብቅቶ ነበርና ሠራዊቱን ማሳነስ ተቻለ። ይህ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። በሌላ በኩል በ1918 የትምህርት ሕግ መሠረት ከ14 ዓመት ጀምሮ ሥራ ለገቡ ወጣቶች እንዲቋቋሙ የታቀዱት የትርፍ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዉ። ይህም የፖለቲካ ውሳኔ ነው። የሠራተኛው ልጅ ትምህርት ቤቱን ያጣው ትምህርት ቤቱ ብክነት ስለ ነበረ ሳይሆን ለመቁረጥ ስለ ቀለለ ነው። ከጦርነቱ የወረደው የዕዳ ወለድ ግን በዚያን ጊዜ ከመንግሥቱ ወጪ ከሢሶ በላይ ይወስድ ነበር፤ መጥረቢያው አልነካውም። አበዳሪ ከፓርላማ ይልቅ የሚፈራ ጌታ ነው።

የእኛ አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

፫. የአሜሪካ ሒሳብ

ብክነትን በማጥፋት ወጪን እቀንሳለሁ የሚለው ተስፋ እንደ አሜሪካ ብዙ ጊዜ የተሞከረበት አገር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ በመጀመሪያ በጀታቸውን እንመልከት።

በ2024 የበጀት ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት ወጪ 6.75 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ የአረጋውያን ጡረታ፣ ለአረጋውያንና ለድኾች የሚከፈለው ሕክምና፣ የዕዳ ወለድና የመከላከያ ወጪ አንድ ላይ ሲደመሩ ከሢሶው ሁለቱን እጅ ይበልጣሉ። የሲቪል ሠራተኛው ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም በ2022 ወደ 271 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህም ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ 5 እጅ አይሞላም። እንግዲህ አስቡት፤ አሜሪካ ወታደር ያልሆነውን የፌዴራል ሠራተኛ በሙሉ፣ የጦር ጉዳተኞችን የሚያክመውን ሐኪም፣ አውሮፕላን የሚያሳርፈውን ተቆጣጣሪና የወኅኒ ቤቱን ጠባቂ ጨምራ በአንድ ቀን ብታሰናብት፣ ከምታወጣው 100 ዶላር የምታድነው 5 ዶላር እንኳ አይሆንም። የዘመናዊ መንግሥት ወጪ ትልቁ ክፍል የቢሮ ወጪ አይደለም፤ ለሕዝብ የተገባ ቃልና ለአበዳሪ የተፈረመ ውል ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሁለት ሙከራዎች እንለፍ።

ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1982 የአንድ ታላቅ ኩባንያ መሪ የነበሩትን ፒተር ግሬስን ብክነትን የሚመረምር ኮሚሲዮን እንዲመሩ ጠሩአቸው። የኮሚሲዮኑ ወጪ ራሱ ከግል ኩባንያዎች የተዋጣ ነበር። በጥር 1984 ኮሚሲዮኑ 2,478 የማሻሻያ ሐሳቦችን አቅርቦ በሦስት ዓመት ውስጥ 424 ቢሊዮን ዶላር ይድናል አለ። የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤትና የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤቱ ግን ትልቅ ቁጠባ ያስገኛሉ የተባሉትን ወደ 400 የሚጠጉ ሐሳቦች አንድ በአንድ መረመሩአቸው። ኮሚሲዮኑ ከእነዚህ 298 ቢሊዮን ይገኛል ያለውን እነርሱ 98 ቢሊዮን ብቻ ነው አሉ። ከዚህም ውስጥ ብዙው ሕግ ተለውጦ የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ እንደ መቀነስ ያለ ነገር ሲደረግ ብቻ የሚገኝ ነበር። ጡረታ መቀነስ ተገቢ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ብክነትን ማጥፋት ግን አይባልም። በ1981 ወደ 678 ቢሊዮን ዶላር የነበረው የፌዴራሉ ወጪ በ1989 ከ1,140 ቢሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ሙከራ የቅርብ ጊዜ ነው። ባለጸጋው ኢሎን መስክ በ2024 ምርጫ ዋዜማ ከፌዴራሉ በጀት ቢያንስ 2 ትሪሊዮን ዶላር መቀነስ እንደሚቻል ተናገሩ። በጥር 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ «ዶጅ» በሚል አጭር ስም የታወቀውን የመንግሥት ቅልጥፍና መምሪያ በትእዛዝ አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ የቃሉ መጠን ከወር ወደ ወር እያነሰ ሄደ፤ 2 ትሪሊዮኑ 1 ትሪሊዮን ሆነ፤ በሚያዝያ 150 ቢሊዮን ተባለ። በግንቦት መጨረሻ መስክ ሥራውን ትተው ወጡ። በዚያው ዓመት ከ200,000 በላይ ሠራተኞች ከፌዴራሉ አገልግሎት ተለዩ። የ2025 የበጀት ዓመት ሲዘጋ ግን ጠቅላላው ወጪ ወደ 7 ትሪሊዮን ዶላር ደርሶ ካለፈው ዓመት ከ250 ቢሊዮን በላይ ጨምሮ ነበር። ጡረተኛው በዛ፤ ሕክምናው ተወደደ፤ ወለዱ ከፍ አለ። የሠራተኛ ቅነሳ ያስገኘው ቁጠባ በከፊል ውሎ አድሮ የሚታይ መሆኑን መካድ አይገባም፤ ቢሆንም የተነገረውና የተገኘው ሰማይና ምድር ናቸው።

የዚህ ሙከራ ዳፋ እስከ እኛ አገር ደርሶአል። አሜሪካ ለውጭ ርዳታ ታወጣ የነበረው ከበጀቷ ከመቶ 1 እጅ ያህል ነበር። ሆኖም መጀመሪያ የተዘመተበት እርሱ ነበር፤ ዩኤስኤይድ በሐምሌ 1 ቀን 2025 ተዘጋ። በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ደመወዛቸው በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈል የነበረ ወደ 5,000 የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች ኮንትራት እንዲቋረጥ የጤና ሚኒስቴር ትእዛዝ ሰጠ። ለዋሺንግተን ሒሳብ ሠሪ ከዓባይ በጭልፋ የተቀዳ ነው፤ በጤና ጣቢያ ወረፋ ይዛ ለምትጠብቅ እናት ግን ሙሉ እንስራው ተደፋ።

፬. ለምን እንዲህ ይሆናል?

ነገሩ ደጋግሞ የሚከሰት ከሆነ ምክንያቱ የሹማምንት ስንፍና ብቻ ሊሆን አይችልም። እኔ ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል።

የመጀመሪያው ብክነት በበጀት መጽሐፍ ውስጥ የራሱ መደብ የሌለው መሆኑ ነው። ለደመወዝ፣ ለነዳጅ፣ ለመድኃኒት፣ ለጥገና የሚሉ ርእሶች አሉ፤ «ለብክነት» የሚል የለም። ብክነት በሥራው ውስጥ ተቀላቅሎ የሚገኝ ነው፤ ገለባ ከእህል ጋር እንደሚገኝ ሁሉ። ገበሬ ገለባን ለመለየት አውድማ ለቅልቆ፣ በሬ አበራይቶ፣ ነፋስ ጠብቆ በመንሽ ያዘራል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው የቁጠባ ትእዛዝ ግን «እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከመቶ 10 እጅ ይቀንስ» የሚል ነው። ይህ ከክምሩ ላይ አንድ ዐሥረኛውን ቆርጦ እንደ መጣል ነው፤ እህሉም ገለባውም አብረው ይሄዳሉ። እንዲያውም አባካኙ መሥሪያ ቤት የሚቀንሰው ትርፍ ስላለው ሳይጎዳ ያልፋል፤ ቀድሞውንም ቆጥቦ ይሠራ የነበረው ግን ሥጋው ይቆረጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ደንቡ ራሱ ማባከንን የሚያስተምር መሆኑ ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ያልቃል፤ ያልተሠራበት ገንዘብም ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። አጎቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ዓመት ክፍሉ በጥንቃቄ ሠርቶ ገንዘብ ተረፈውና መለሰ። በሚቀጥለው ዓመት «ይህን ያህል አያስፈልጋችሁም ማለት ነው» ተብሎ በጀቱ ተቀነሰበት። «ቆጥበን ተቀጣን» አለኝ አጎቴ። ከዚያ ወዲህ ሰኔ በመጣ ቁጥር ወረቀትና ቀለም በክምር ይገዛ ጀመር። እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድም ሌባ አልነበረም። ሰዎቹ ያደረጉት ደንቡ ያስተማራቸውን ነው። ታዲያ ይህን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማረም ይቻላልን? የሚታረመው ደንቡ ነው፤ ደንቡ ሲታረም ደግሞ ወረቀቱ ይቀንስና ገንዘቡ ለሌላ ጠቃሚ ሥራ ይውላል እንጂ የመንግሥት ወጪ በጠቅላላው ዝቅ አይልም።

ሦስተኛው ምክንያት ብክነትን ለማጥፋት ራሱ ገንዘብ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ሌባ የሚያዘው በዘበኛ ነው፤ የተጭበረበረ ሒሳብ የሚገኘው በሠለጠነ መርማሪ ነው። እዚህ ላይ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ማስረጃ ማቅረብ ይገባል። የአሜሪካ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ግምት፣ የፌዴራሉ መንግሥት በማጭበርበር ብቻ በየዓመቱ ከ233 እስከ 521 ቢሊዮን ዶላር ያጣል። በ2024 የበጀት ዓመት ያለ አግባብ የተከፈለው ገንዘብም 162 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሎ ተገምቶአል፤ በዚህኛው ውስጥ ማስረጃው ስላልተሟላ ብቻ የተቆጠረ ክፍያም አለ። እነዚህ ታላላቅ ቁጥሮች ናቸው፤ «ብክነት ኢምንት ነው» የሚለውን ሰው አፍ ያስይዛሉ። ነገር ግን ይህን ገንዘብ ማን ያስመልሰው? በጥር 2025 ወደ 17 የሚሆኑ የመሥሪያ ቤቶች ዋና ተቆጣጣሪዎች ከሥራ ተሰናበቱ፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱም በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ወራት ከሠራተኞቹ አንድ አራተኛውን ያህል አጣ። ዘበኛውን አባርሮ ሌባ ቀነሰ ማለት አይቻልም። ከጊዜ በኋላ ጉድለቱ ሲገኝም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

፭. ታዲያ ወጪን በእርግጥ የቀነሰ አለን?

አለ። የካናዳን ምሳሌ እንመልከት። በ1984 የተቋቋመውና ኤሪክ ኒልሰን የመሩት ግብረ ኃይል የመንግሥትን ሥራዎች መርምሮ ብዙ ቅጽ ያለው ሪፖርት ቢያቀርብም በሥራ ላይ የዋለው ጥቂቱ ነበር፤ የበጀቱም ጉድለት እንዳለ ቀጠለ። ከዐሥር ዓመት በኋላ መንግሥቱ ከሚሰበስበው ገቢ ሢሶ ያህሉ ለዕዳ ወለድ ይሄድ ነበር። በ1994 ጠቅላይ ሚኒስትር ዣን ክሬቲየንና የገንዘብ ሚኒስትሩ ፖል ማርቲን ሌላ መንገድ ያዙ። እያንዳንዱ የመንግሥት ሥራ ስድስት ጥያቄ እንዲጠየቅ ታዘዘ፤ ሥራው ለሕዝብ ይጠቅማልን? የመንግሥት ሥራ ነውን? የፌዴራሉ ነው ወይስ የክፍለ አገሩ? ከሌሎች ጋር በጋራ ሊሠራ ይችላልን? በተሻለ ቅልጥፍና ሊሠራ ይችላልን? በመጨረሻም አቅማችን ይፈቅዳልን?

ልብ በሉ፤ ከስድስቱ ጥያቄዎች ስለ ብክነት የሚጠይቀው አንዱ፣ አምስተኛው ብቻ ነው። የቀሩት መንግሥት ምን መሥራት እንዳለበት የሚጠይቁ ናቸው። ውጤቱም በዚያው ልክ ነበር። የመንግሥቱ የባቡር ኩባንያ በ1995 ተሸጠ፤ ለእህል ማጓጓዣ ለብዙ ዓመታት ሲከፈል የኖረው ድጎማ በዚያው ዓመት ቀረ፤ የአየር በረራ ቁጥጥር በ1996 ከመንግሥት እጅ ወጣ፤ ለክፍላተ አገር የሚሰጠው የጤናና የትምህርት ገንዘብ ተቀነሰ። በ1997-98 በጀቱ ሚዛኑን ጠበቀ። የአሜሪካ ኤኮኖሚ ማደጉና የወለድ መጠን ዝቅ ማለቱም ረድቶአቸዋል።

ይህን ሳወራ ካናዳን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ገበሬው ድጎማውን አጣ፤ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ናረ፤ በሽተኛው ወረፋ ጠበቀ። ወጪ በእርግጥ ሲቀንስ የሚያመው ሰው አለ ማለት ነው። ልዩነቱ መሪዎቹ «ብክነት አጠፋን» ብለው ሕዝቡን አለማታለላቸው ነው፤ ይህን እንተዋለን፣ ይህን እንይዛለን ብለው ቆጥረው ነገሩት፤ ሕዝቡም የሚከራከርበትን አወቀ።

፮. ወደ ቤታችን ስንመለስ

የ2017 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥታችን በጀት በመጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ 451.3 ቢሊዮን ለመደበኛ ወጪ፣ 283.2 ቢሊዮን ለካፒታል፣ 222.7 ቢሊዮን ለክልሎች ድጎማ፣ 14 ቢሊዮን ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ የተመደበ ነበር። በመደበኛው ውስጥ የአስተማሪው ደመወዝ፣ የወታደሩ ስንቅና የዕዳ ክፍያ ይገኛሉ።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ከመደበኛው በጀት ከየዐሥሩ ብር አንድ ብር በብክነት ይጠፋል እንበል፤ ይህንንም አንዲት ሣንቲም ሳናስቀር አዳንነው እንበል። 45 ቢሊዮን ብር አገኘን። ይሁንና በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ በተተወ ጊዜ ወደ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ የ100 ሚሊዮን ዶላር የውጭ ዕዳ ክፍያ 5.7 ቢሊዮን ብር ይጠይቅ የነበረው ከ10 ቢሊዮን በላይ ጠየቀ። ይህ የሆነው ማንም ሹም አንድ ሊትር ቤንዚን ሳያባክን ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ያዳንነው 45 ቢሊዮን ከዚህ ተጨማሪ በጀት ዐሥራ ሦስተኛው እጅ ያህል ብቻ ነው። ወጪን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ታላላቅ ውሳኔዎች ናቸው፤ የምንዛሪ፣ የዕዳ፣ የጦርነትና የሰላም፣ የድጎማ ውሳኔዎች። ስለ እነዚህ ሳንከራከር ስለ ቢሮ ሻይ ብቻ የምንከራከር ከሆነ ክርክራችን ራሱ ብክነት ነው።

«እንግዲያስ ብክነቱን እንተወው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። 45 ቢሊዮን ብር ከጠቅላላው ሲነጻጸር ትንሽ ይምሰል እንጂ ለትምህርት ቤትና ለመድኃኒት ብዙ ነገር ነው። ብክነት ሲጠፋ በዚያው ገንዘብ ብዙ መንገድ ይጠገናል፤ ብዙ ሕፃናት ይከተባሉ። ከዚህም ሌላ ታክስ ከፋዩ ገንዘቡ እንዳልተሰረቀ ካላመነ በደስታ አይከፍልም፤ መንግሥትም አንድን ከባድ ውሳኔ ሲያቀርብ የሚሰማው አያገኝም። ብክነትን የምንዋጋበት ምክንያት ይህ ነው፤ ፍሬና እምነት። ከዚህ ውጭ ትልቅ የወጪ ቅነሳ ይገኝበታል ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ግን ወይ ሒሳቡን አልሠራም፣ ወይ የሚቆርጠውን ነገር ስም ሊነግረን አልፈለገም።

እኛ ተማሪዎች ነገሩ በቅርብ ይነካናል። የቁጠባ ትእዛዝ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀረው የሹሙ መኪና ሳይሆን የቤተ ሙከራው ኬሚካልና የቤተ መጻሕፍቱ ግዢ ሊሆን እንደሚችል ለማንም አይሰወርም፤ ኬሚካል አይጮህም፤ ያልተገዛ መጽሐፍም አቤቱታ አይጽፍም። ነገም የተማሪን ምግብና መኝታ ብክነት የሚል ሰው ቢነሣ አያስገርምም። ያን ጊዜ የምንመልሰው መልስ እንዲኖረን ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ እንልመድ። የሚቆረጠው በስሙ ምንድን ነው? የሚያጣው ማን ነው? የዳነው ገንዘብስ የት ይገባል?

ስለዚህ በሚቀጥለው ክርክር አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ «ገንዘቡማ ሞልቶአል፤ የሚጠፋው በብክነት ነው» ባለ ጊዜ አናጨብጭብለት፤ አንሳቅበትም። የበጀቱን መጽሐፍ እንስጠውና በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ያሳየን።